ከልጆች ጋር ለቁርስ የሚሠራ ፓንኬክ፦ ጆሮ ያለው፣ ዓይን ያለው፣ ፊደል የተጻፈበት

ፓንኬክ ከልጆች ጋር ለመሥራት በጣም የሚመች ምግብ ነው፣ ሊጡን ማዘጋጀት አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ አንዱ ቢቀደድ ወይ ቢያር ሌላው ሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፣ ልጆቹ ደሞ የሠሩትን እዛው ቁጭ ብለው ይበሉታል። አስቸጋሪ የሚሆነው ሁሉም ምድጃው ጋ ተሰብስቦ እኔ ልገልብጥ እኔ ልገልብጥ ሲል ነው። ስለዚ ከመጀመሪያው ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፤ እሳቱ የትልቅ ሰው፣ ጠረጴዛው የልጆቹ። እነሱ ይለካሉ፣ ያማስላሉ፣ ሙዝ ይቆርጣሉ፣ ያስጌጣሉ፣ እናንተ ትጋግራላችሁ። ጠረጴዛው የናንተ ነው ካላችኋቸው ደሞ የምር የነሱ ይሁን፣ ድቡ ሦስት ዓይን ካለው ሦስት ዓይን አለው በቃ፣ እጃችሁን አስገብታችሁ አታስተካክሉባቸው፣ አንዴ ካስተካከላችሁ ቀጣዩን እናንተ እንድትሠሩላቸው ነው ቁጭ ብለው የሚጠብቁት።

መጀመሪያ ማስጌጫው

እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ማስጌጫው በሙሉ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ፓንኬክ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እናንተ እንጆሪ ስትቆርጡ ልጁ የቀዘቀዘ ፓንኬክ ይዞ ይጠብቃል፣ ወይ ደሞ እናንተ ቢላ ስትይዙ መጥበሻው ላይ ያለው ያራል። ብዙ ዓይነት ነገር መግዛት አያስፈልግም፣ ለዓይን የሚሆን ትንሽ ነገር (ብሉቤሪ፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት ቺፕስ)፣ ለአፍንጫና ለጆሮ የሚሆን ሰፋ ያለ ነገር (ሙዝ፣ እንጆሪ፣ ኪዊ)፣ ቀጭን ቀጭን ተቆርጦ አፍ ወይ ክንፍ የሚሆን አፕል፣ ከዛ ሁሉንም የሚያጣብቅ ነገር፣ ማለትም ወፍራም እርጎ ወይ የለውዝ ቅቤ ወይ ማርማላታ። በየትንሽ ሳህኑ ለየብቻ አርጉት፣ አንድ ላይ ከተቀላቀለ የሁሉም ቀለም ይነካካና ልጆቹም የሚፈልጉትን አያገኙም።

እዚ ጋ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ የታጠበ ፍራፍሬ በሶፍት ወይ በንጹህ ጨርቅ ይድረቅ፣ ውሃ ያለው ብሉቤሪ ፓንኬኩ ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል፣ እንጆሪ ደሞ ውሃው ቀይ ሆኖ ይሰራጭና ፊቱን ያበላሸዋል። ሁለተኛ እርጎው ቀጭን ከሆነ በንጹህ ጨርቅ አንጠልጥላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ውሃው እስኪወርድ ጥቂት ሰዓት አቆዩት፣ ማታ ማድረግ ይሻላል። ሙዝ ቀድሞ ከተቆረጠ ይጠቁራል፣ ትንሽ ሎሚ ጠብ አርጉበት ወይ መጨረሻ ላይ ቁረጡት። ሙዝ ለስላሳ ስለሆነ አራት አምስት ዓመት የሆነው ልጅ በፕላስቲክ ቢላ ወይ በጠረጴዛ ቢላ ራሱ ይቆርጠዋል፣ ይሄን ሥራ አትንጠቁት።

ሊጡ

ለአራት ሰው የሚበቃ፦ 1 ኩባያ ተኩል የስንዴ ዱቄት (190 ግራም አካባቢ)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 ኩባያ ከሩብ ወተት (300 ሚሊ ሊትር)፣ 1 እንቁላል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ወይ ዘይት። ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው፣ የናንተ ኩባያ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፣ ሁሉንም በዛው በአንድ ኩባያ መለካት ነው ዋናው። ስኳሩ ያነሰብኝ እንዳትሉ፣ ስኳር የበዛበት ሊጥ መጥበሻ ላይ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጣፋጩን ከላይ ፍራፍሬው ያመጣዋል። ቤኪንግ ፓውደሩንም ሆን ብዬ ነው ሁለት ያደረግኩት፣ በጣም የሚነፋ ፓንኬክ መሬቱ ጉብ ጉብ ይልና ዓይንና አፍንጫ ማስቀመጥ ያስቸግራል፣ በሊጥ መሳል ከፈለጋችሁ ደሞ መስመሩ ይደባለቃል። ወፍራምና ስፖንጅ የመሰለ ከሆነ የምትወዱት ወደ 3 ከፍ አርጉት።

ደረቅ ደረቁን በአንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ፈሳሽ ፈሳሹን በሌላ። ዱቄት የሚለካ ልጅ ኩባያውን አጭቆ መሙላት ይወዳል፣ በማንኪያ እየጨመረ ከላይ በቢላ ጀርባ እንዲያስተካክለው አሳዩት፣ ከታጨቀ ዱቄቱ በጣም ይበዛል፣ ሊጡም ይደርቃል። ቅቤ ከሆነ ቀልጦ ትንሽ በረድ ይበል፣ ወተትና እንቁላሉም ከፍሪጅ ቀድሞ ይውጣ፣ በጣም ቀዝቃዛ ወተት ላይ ቅቤ ሲፈስ ተመልሶ ይረጋና ፍርፍር ፍርፍር ይላል።

እንቁላል መስበር ልጆች ከሁሉ በላይ የሚወዱት ሥራ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ጊዜ ስጡት። ለብቻው በትንሽ ሳህን ይሰበር፣ ሊጡ ላይ በቀጥታ አይሁን። የሳህን ጠርዝ ላይ ሲመቱት ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ነው መምታት ያለባቸው፣ ቀስ ብሎ አንዴ ጠቅ፣ ትንሽ ጎድጎድ ሲል ሁለቱን አውራ ጣት ስንጥቁ ላይ አርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መክፈት። ቅርፊት ከገባ በጣት ማሳደድ አይሆንም፣ ያመልጣል፣ በትልቁ የቅርፊት ግማሽ ጠለቅ አርገው ያውጡት፣ እሱ ነጩን ቆርጦ ይገባና ስብርባሪውን ይዞት ይወጣል። ከዛ እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

ፈሳሹን ዱቄቱ ላይ ገልብጡና ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ። ትንሽ ትንሽ ጓል ቢቀር ግድ የለም፣ እንደውም ብዙ ከተመታ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ይጠነክርና ፓንኬኩ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ልጆች ደሞ አንዴ ማማሰል ከጀመሩ አያቆሙም፣ ተራ ቁጥር ስጧቸው፣ እያንዳንዱ አስር ጊዜ አዙሮ ለቀጣዩ ያስተላልፍ፣ ለመቁጠርም ጥሩ ነው። በጠርሙስ ለመሳል የምትፈልጉትን ሊጥ ብቻ በወንፊት አሳልፉት፣ ጓሉ የጠርሙሱን አፍ ይዘጋዋል።

ሊጡ አስር ደቂቃ ይረፍ፣ ዱቄቱ ፈሳሹን እስኪጠጣ ነው። ከጭልፋ ስታፈሱት ሳይቆራረጥ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፣ ከወፈረ ወተት በአንድ ሾርባ ማንኪያ፣ ከቀጠነ ዱቄት በአንድ ሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ አስተካክሉት። እንቁላል የማይበላ ልጅ ካለ ግማሽ የበሰለ ሙዝ በሹካ ተፈጭቶ ይተካዋል፣ ትንሽ እርጥብ ይላል እንጂ ይሠራል፣ ወተት ለማይስማማው ደሞ የአጃ ወይ የሶያ ወተት በዛው ልክ።

ማን ምን ይሥራ

ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው የተለካውን ይገለብጣል፣ ሙዝ በሹካ ይፈጫል፣ ብሉቤሪ ይለቅማል። አራትና አምስት ዓመት የሆነው ይለካል፣ እንቁላል ይሰብራል፣ ያማስላል። ከስድስት በላይ የሆነው በጠርሙስ መሳል ይችላል፣ ዘጠኝ አስር የሞላው ደሞ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ መገልበጥ ይጀምራል። ዕድሜው ግምት ነው፣ ልጃችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ።

እሳቱ ላይ

አብዛኛው የፓንኬክ ችግር የሚመጣው ከእሳት ነው፣ እሳቱ ይበዛል፣ ውጪው ይጠቁራል ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። የማይዝ መጥበሻ በመካከለኛና በዝቅተኛ መሃል ባለ እሳት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁ። ዘይት ጠብ አርጋችሁ በሶፍት ጥረጉት፣ እያብለጨለጨ ግን ዘይቱ ሳይታይ መሆን አለበት፣ ዘይት ከበዛ ፓንኬኩ እኩል አይቀላም፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይሆንና ፊቱ የታመመ ይመስላል። ቅቤም በራሱ ቶሎ ስለሚያር ነጠብጣብ ይሠራል፣ ቅቤውን ሊጡ ውስጥ ተዉት፣ ለመጥበሻው ዘይት ይሻላል።

ጠብታ ውሃ ስትጥሉበት እየዘለለ ከጠፋ ሙቀቱ ደርሷል። መጀመሪያ አንድ ትንሽዬ ሞክሩ፣ በሷ ነው እሳቱን የምታስተካክሉት። ለፊት ሩብ ኩባያ ሊጥ፣ ለጆሮ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከቅርብ ሆናችሁ አንድ ቦታ ላይ አፍስሱት፣ ራሱ ክብ ይሆናል፣ እጃችሁን እያዞራችሁ ካፈሰሳችሁ ነው የሚጣመመው። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ከላይ አረፋ ያወጣል፣ አረፋ ስላያችሁ ብቻ አትገልብጡ፣ አረፋው ፈንድቶ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ሲቀርና ጠርዙ አብረቅራቂነቱን ሲያጣ ነው ሰዓቱ። አንዴ ብቻ ገልብጡት፣ ሌላኛው ፊቱ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፣ በመገልበጫው አትጫኑት፣ ውስጡ ያለውን አየር ነው የምታስወጡት።

ለብዙ ልጅ ከሆነ የምትሠሩት ኦቨን 90 ዲግሪ ላይ አርጋችሁ ሳይደራረብ አስቀምጡት፣ ኦቨን ከሌለ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። የመጥበሻው እጀታ ሁሌም ወደ ውስጥ ይዙር፣ ወደ ውጪ ከቀረ የልጅ እጅ ይደርስበታል፣ ልጁ የሚቆምበት ወንበርም ጠረጴዛው ጋ እንጂ ምድጃው ጋ አይሁን።

ፊቶቹ

ከመጥበሻ የወጣው ፓንኬክ ሳህን ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ትኩሱ ላይ እርጎ ካደረጋችሁ ይቀልጥና ይፈሳል፣ ቸኮሌትም እንደዛው።

ድብ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ ትልቅ ክብ፣ ሁለት ትንንሽ ክብ ለጆሮ፣ ጆሮዎቹን ከፊቱ ስር ገባ አርጋችሁ ግማሻቸው ብቻ እንዲታይ አስቀምጡ፣ ከላይ ከተቀመጡ አይን የሚመስሉት እነሱ ናቸው። መሃል ላይ ወፈር ያለ ክብ ሙዝ፣ ሙዙ ላይ ጠብታ የለውዝ ቅቤ፣ ቅቤው ላይ ብሉቤሪ፣ አፍንጫው ሆነ። ዓይኖቹ ከአፍንጫው ብዙ ሳይርቁ ሙዙ አጠገብ ሲሆኑ የድብ ግልገል ይመስላል፣ ወደ ላይ ወደ ግንባሩ ከሄዱ የትልቅ ድብ ፊት ይሆናል፣ ልጆቹ እያንቀሳቀሱ ይሞክሩት፣ ብሉቤሪውን አንድ ጣት ያህል ስትገፉት ፊቱ ሌላ ሰው ሲሆን ማየት በጣም ያስደስታቸዋል።

ጥንቸል ለመሥራት ሊጡን በማንኪያ አፍስሳችሁ ወዲያው በማንኪያው ጀርባ ወደ ላይ ሳቡት፣ ረጅም ጆሮ ይሆናል። በጣም አታቅጥኑት፣ ስትገልብጡት ይቆረጣል። የጆሮው መሃል ላይ ቀጭን የእንጆሪ ቁራጭ፣ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ደሞ ክብሪት ያህል የቀጠነ አፕል ለጺም።

ጉጉት ትንሽ ሥራ አለው ግን ሲያልቅ ያምራል። ሁለት ክብ ሙዝ ትልልቅ ዓይን፣ መሃላቸው ብሉቤሪ፣ መሃል ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ የብርቱካን ቁራጭ ለምንቃር፣ ደረቱ ላይ በስሱ የተቆረጠ እንጆሪ። እንጆሪውን ከታች ጀምሩ፣ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ትንሽ እየሸፈነ ይውጣ፣ ያኔ ነው ላባ የሚመስለው፣ ከላይ ከጀመራችሁ ተገልብጦ ነው የሚመጣው።

ዓሣ ለትንንሾቹ ነው፣ ከአንድ ክብ ፓንኬክ ላይ ሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ክፍት የቀረው አፍ ነው፣ የቆረጣችሁትን ከኋላ ስትለጥፉት ጭራ ይሆናል። አንድ ብሉቤሪ ለዓይን፣ አለቀ። ልጆች ብዙ ከሆኑ ደሞ አባጨጓሬ ሥሩ፣ ትንንሽ ክብ ክብ ፓንኬክ ተጠማዞ በትልቅ ሳህን ላይ ይደረደራል፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቁራጭ እንደፈለገ ያስጌጣል፣ ፊቱን ማን ይሥራ የሚለው ጭቅጭቅ ያመጣልና ቀድማችሁ በዕጣ ጨርሱት።

በሊጥ መሳል

ይሄኛው ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጥበሻው ላይ ቀድሞ የፈሰሰ ሊጥ ብዙ ስለሚቆይ የበለጠ ይቀላል፣ ኋላ የፈሰሰው ፈዘዝ ይላል፣ ስለዚ መስመሩ መጀመሪያ፣ ሙሌቱ በኋላ። ሊጡን የካቻፕ ዓይነት ሹል አፍ ያለው፣ የሚጨመቅ ጠርሙስ ውስጥ አርጉት፣ ከሌላችሁ ጠንካራ ፌስታል ሞልታችሁ ጫፉን ትንሽዬ ቁረጡት።

በጣም የምወደው ዘዴ በቀዝቃዛ መጥበሻ መሳል ነው። ቀዝቃዛ መጥበሻ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በዘይት ይጠረጋል፣ ልጁ ተረጋግቶ ይስላል፣ አይቸኩልም፣ አይቃጠልም፣ ከዛ እናንተ አንስታችሁ ዝቅተኛ እሳት ላይ ታስቀምጡታላችሁ። መስመሩ እርጥበቱን አጥቶ ጠርዙ ጠጠር እስኪል አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ ሙሌቱን መስመሩን ሳትነኩ ከመሃል ጀምራችሁ አፍስሱ፣ ክፍተት እንዳይቀር እስከ ጠርዙ ድረስ። አረፋው ሲከፈት ገልብጡ፣ ሥዕሉ ከታች በኩል ስለነበር ያኔ ነው የሚወጣው፣ ልጆቹን ጠርታችሁ ከራቅ ብለው ይዩት። ሁለት መጥበሻ ካላችሁ አንዱ ሲበርድ አንዱ ይጋገራል።

ሥዕሉ ተገልብጦ እንደሚወጣ አትርሱ። ለፈገግታና ለፀሐይ ለውጥ የለውም፣ ለፊደል ግን አለው። እንደ ሀ፣ ሠ፣ ጠ፣ ዐ ያሉት ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል ብዙም አያስቸግሩም፣ ሌሎቹን ግን በወፍራም እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፉና ወረቀቱን ገልብጣችሁ መስኮት ላይ ለጥፉት፣ ብርሃኑ ከኋላ ሲያሳያችሁ በጀርባው ቅዱት፣ እሱን እያያችሁ ነው መጥበሻው ላይ የምትጽፉት። ሙሉ ስም ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው፣ መስመሩ በቂ ውፍረት ይኑረው፣ ከእርሳስ የቀጠነ መስመር ሙሌቱ ሲመጣ ይጠፋል።

ቀለም

ለጨለማው ቡኒ ካካዎ፣ ለሩብ ኩባያ ሊጥ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሊጡን ስለሚያወፍረው ትንሽ ወተት ጨምሩ። ለቢጫ የጣት ጫፍ ያህል እርድ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ጣዕሙ ይመጣል። ለአረንጓዴ ጥቂት ቅጠል ስፒናች ከወተቱ ጋር በብሌንደር ፍጩ፣ ጣዕሙ ብዙም አይታወቅም። ቀይ ስር ሊጡ ላይ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ያጓጓል ግን ሙቀት ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ጠብታ ሎሚ ብታክሉበትና እሳቱን ዝቅ ብታደርጉ ፈዛዛ ሮዝ ይቀርላችኋል። ለየትኛውም ቀለም ሕጉ አንድ ነው፣ ፓንኬኩ ከቀላ ቀለሙ ይሸፈናል፣ ስለዚ በጣም ዝቅ ባለ እሳት፣ ክዳን ከድናችሁ፣ ሳይቀላ ውስጡ በስሎ ይውጣ።

ሳትዘነጉ

ጥሬ ሊጥ አይላስም፣ ማንኪያውም ጣትም። እንቁላሉ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፣ ጥሬ ዱቄትም ራሱ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል እንቁላል የለበትም ብላችሁ አትፍቀዱ፣ ቀማሽ ልጅ ካላችሁ የሚበላው ሙዝ ለብቻ ስጡት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል፣ ትኩስ ፓንኬክ ላይ ስለሆነም ደህና አይሆንም። ለትንንሾቹ ወይን ለርዝመቱ አራት ቦታ ይቆረጥ፣ ብሉቤሪ በጣት ጠፍጠፍ ይደረግ፣ ሙሉ ለውዝ አይሰጥ፣ የለውዝ ቅቤም በስሱ ይቀባ እንጂ በሙሉ ማንኪያ አይሰጥ፣ ይተናነቃቸዋል። የጎረቤት ወይ የጓደኛ ልጅ አብሮ ካለ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ የማይስማማው እንደሆነ ወላጁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

የተረፈው

ያልተጌጠውን ለብቻ ለዩት፣ ፍራፍሬና እርጎ ያለበት አይቀመጥም። ፓንኬኩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ በትኩሱ ከተከደነ እንፋሎቱ ያረጥበዋል፣ ከዛ በየመሃሉ የመጋገሪያ ወረቀት እያደረጋችሁ በሚዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል። ጆሮና ዓሣ የሚሆኑ ትንንሾችን አብዝታችሁ ጋግራችሁ ብታስቀምጡ ትምህርት ባለበት ጠዋት ቶስተር ወይ ደረቅ መጥበሻ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሞቃሉ፣ ልጁ ጫማውን እስኪያስር ዓይንና አፍንጫውን ብቻ መለጠፍ ነው የሚቀረው።